ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዛሬው ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በነርቭ ሕመም ምክንያት አካላቸው ስለ ታወከ ሰዎች የፊዚዮቴራፒ አገልግሎትና ተሐድሶ ነው። ርእሱ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ በአንድ ንግግር ዳር እስከ ዳር ሊዳሰስ አይችልም። ስለ ሙያው በጠቅላላው ልናገር ብል ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁትን መድገም ይሆንብኛል። ስለዚህ ጉዳዩን ከአንድ ቦታ ጋር አያይዤ ለማቅረብ መርጫለሁ፤ ቦታውም ጋምቤላ ነው። ጋምቤላን የመረጥሁበት ምክንያት በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታል ውስጥ ተሸፍኖ የሚያልፈው የአሠራራችን ጉድለት በዚያ ገሃድ ስለሚወጣ ነው።

እንደሚታወቀው ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የምዕራብ ቆላ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋምባት ከተፈቀደ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛት የነበረው ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ነበር። ውኃው ሲጎድል መንገዱም ይዘጋ ነበር። ዛሬ በመርከቡ ፈንታ አውሮፕላን አለ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን መንገድ አውሮፕላኑ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህ ለጽኑ ሕመምተኛ ትልቅ በረከት መሆኑ አይካድም።

ሆኖም በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጣና የሚገባ ሕመምተኛ አንድ ዓይነት አቀባበል የለውም። ሲወጣ የሕክምና ማስተላለፊያ ወረቀት ይጻፍለታል፤ ገንዘብ ይዋጣለታል፤ ዘመድ አዝማድ ይሸኘዋል፤ በአዲስ አበባ የሚቀበለው ሐኪምም አስቀድሞ ይታወቃል። ሲመለስ ግን በእጁ ያለው በላቲን ቃላት የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀትና ጥቂት መድኃኒት ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ «ተሽሎት ወደ ቤቱ ተሰናብቷል» ተብሎ ይጻፍና ፋይሉ ይዘጋል። ተሐድሶ የሚባለው ነገር በእውነት የሚጀምረው ግን ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ዛሬ ላስገነዝብ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የነርቭ ሕመምተኛ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ባሉት ወራት ነው። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡን እየተመላለሰ የሚደግፍ ባለሙያ ከሌለ፣ «ቤተሰብ ይንከባከበው» የሚለው ምክራችን የስንብት ቃል ከመሆን አያልፍም።

ሕመምተኞቹ እነማን ናቸው?

በአገራችን የነርቭ ሕመም ስርጭት በኅብረተሰቡ መካከል በስፋት ከተጠናባቸው ሥራዎች አንዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ነው። ቤት ለቤት በተደረገው በዚያ ጥናት 60,820 ሰዎች ታይተዋል። በብዛት ከተገኙት መካከል የሚጥል በሽታ፣ ከልጅነት ልምሻ የተረፈ ሽባነት፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት የመጣ የነርቭ ጉዳት ይገኙባቸዋል። የተሐድሶ ተቋሞቻችንም የተወለዱት ከእነዚሁ ሕመሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራውን የጀመረው የቼሻየር ድርጅት በመናገሻ በልምሻ የተጎዱ ልጆችን ሲቀበል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና እግር የማዳን ሙያ ለመላው አፍሪካ ያስተማረ ማዕከል ሆነ።

ዛሬ መልኩ ተለውጧል። የተፈጥሮ የፖሊዮ ቫይረስ ከአፍሪካ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ተረጋግጧል። በቦታው የመጡት ግን ከእርሱ የቀለሉ አይደሉም። በጋምቤላ ቆላ የአንጎል ወባ አለ፤ ከዚህ ሕመም ከተረፉ ልጆች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል በእንቅስቃሴ፣ በንግግር ወይም በመማር ችሎታ ላይ ችግር እንደሚቀርበት በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የወባው መርፌ ራሱ በመቀመጫ ላይ ያለ ቦታው ሲወጋ ትልቁን የእግር ነርቭ ይጎዳና ልጁ የእግሩን ጫፍ ማንሣት ያቅተዋል። ቀፎ ሊሰቅል ወይም ማር ሊቆርጥ ረጅም ዛፍ የሚወጣ የመዠንገር ወጣት ከወደቀ ኅብለ ሰረሰሩ ይጎዳል። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ፣ የጥይት ጉዳት፣ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የአንጎል ጉዳት፣ በደም ግፊት ሳቢያ የሚከሰት የአንጎል ምትም አሉ።

ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ክልሉ ከ300,000 በላይ ስደተኞችን ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ በጠቅላላው ከ307,000 ጥቂት የበለጠ እንደነበረ ስናስታውስ፣ የሸክሙን ክብደት መገመት አያዳግትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ 10 የሠለጠነ የተሐድሶ ባለሙያ እንኳ አይደርስም። ሂሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ተቃርኖ ልጥቀስ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ፖሊዮ እንዳይሆን ተብሎ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል፤ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ በ60ኛው ቀንም ሽባነቱ መቅረት አለመቅረቱ ይመረመራል። ይህ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን ውጤቱ «ፖሊዮ አይደለም» ከሆነ ልጁ ከመዝገቡ ይወጣል። ሕመሙ ጊላን ባሬ ቢሆን፣ ወይም የመርፌ ጉዳት ቢሆን፣ እግሩ እንደ ዛለ ነው። እርሱን እስከ ሩቅ መንደር ድረስ ፈልጎ ያገኘ እጅ ለተሐድሶ ጊዜ ይታጠፋል። በ60ኛው ቀን ልጁን የሚያየው ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚልክበት አንዲት መስመር በቅጹ ላይ ብትጨመር፣ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ልጆችን እናተርፍ ነበር።

መሣሪያና ሥርዓት

ብዙ ጊዜ ስለ ተሐድሶ ስንናገር መሣሪያ የለንም እንላለን። እውነት ነው፣ የለንም። ነገር ግን የሙያችን ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1944 ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአልጋ ቁስልና በሽንት መስመር መመረዝ ይሞታል ተብሎ የተተወ ነበር። ሐኪሙ ያመጡት ለውጥ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ በሥርዓት ላይ የቆመ ነበር፤ ሕመምተኛውን ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን በንጽሕና መጠበቅ፣ ጤነኛ ሆኖ የቀረውን አካል በሥራና በስፖርት ማጠንከር። ዛሬ በጋምቤላ ከተማም፣ በኢታንግም፣ በአቦቦም ሊደረግ የሚችለው ይኸው ነው። ታዲያ የሚጎድለን ሥርዓቱን የሚያስጀምርና ሳይቋረጥ የሚያስቀጥል ሰው ነው።

የሥራው መጠንና ጊዜ ግን በደመ ነፍስ የሚታወቅ አይደለም። ለምሳሌ የአንጎል ምት የመታውን ሰው ቶሎ ከአልጋ ማስነሣት ይጠቅማል ብለን ለረጅም ጊዜ አስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች፣ በ2,104 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤቱ ሲታተም ግን፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ አብዝቶና ደጋግሞ ማስነሣት ከተለመደው አያያዝ ያነሰ ውጤት እንዳስገኘ ታወቀ። ይህ ማለት ሕመምተኛው ተኝቶ ይክረም ማለት አይደለም፤ የዛለ ጡንቻ በሥራ ፈትነት ይከሳል፤ በአንድ አኳኋን የቆየ መገጣጠሚያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። መቼ፣ ምን ያህል፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ ግን ሙያ የሚጠይቅ ፍርድ ነው ማለት ነው።

የጋምቤላ ኑሮ እንደ መለኪያ

እዚህ ላይ ወደ ቦታው ልመለስ። በሆስፒታላችን የሕመምተኛውን መሻል የምንለካው በለሰለሰ ወለል ላይ 10 ሜትር በመራመድ፣ ከወንበር በመነሣት፣ ደረጃ በመውጣት ነው። በጋምቤላ ገጠር ግን ደረጃ ያለው ቤት ከየት ይመጣል? ብዙው ሰው የሚቀመጠው፣ የሚበላው፣ የሚተኛው መሬት ላይ ነው። የጎጆው በር ዝቅ ያለ በመሆኑ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ መግባትን ይጠይቃል። ስለዚህ ለዚህ ሰው የመጀመሪያው የልምምድ ግብ ከመሬት ተነሥቶ መቆምና ተመልሶ መቀመጥ፣ ተንበርክኮ በበር ማለፍ መሆን አለበት። በባሮ፣ በጊሎና በአልዌሮ ዳር በቆሎ ለሚዘራውና ዓሣ ለሚያጠምደው የአኙዋ ገበሬ ግቡ ተዳፋቱን ወርዶ ወንዙ መድረስ ነው። ለኑዌሩ ከብት አርቢ ከመንጋው ጋር መዋል ነው። ውኃ በራስዋ ላይ ተሸክማ ለኖረች ሴት ደግሞ ባልዲ መሸከም እስክትችል ድረስ «ድነሻል» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም።

ተሽከርካሪ ወንበሩም እንዲሁ ነው። ለአስፋልት የተሠራ ወንበር በነሐሴ ጭቃ ውስጥ አንድ ክንድ አይራመድም፤ የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይሰምጣሉ። ከፊት አንድ ትልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር ወንበር ለዚያ መሬት የተሻለ ነው። በክልሉ ቁመተ ረጃጅም ሰዎች ብዙ ናቸውና በአንድ ልክ ተሠርቶ የሚላክ ወንበር ጉልበታቸውን ወደ ላይ ያነሣውና ክብደታቸውን ሁሉ በመቀመጫቸው አጥንት ላይ ይጥለዋል። የአልጋ ቁስል የሚባለውም በዚህ መንገድ ያለ አልጋ ይመጣል።

ሙቀቱንም መርሳት አይገባም። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር፣ ኅብለ ሰረሰሩ በደረቱ ላይኛ ክፍል ወይም በአንገቱ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ አያልበውም። በደጋ ከተማ ሳለ ያልታየው ይህ ችግር ከአውሮፕላን እንደ ወረደ ይጀምረዋል። ሰውነቱ ይግላል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ቤተሰቡም ወባ ነው ብሎ ያስባል። በእርግጥ ወባም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት፤ ነገር ግን ጥላ፣ የረጠበ ጨርቅና በጠዋት የሚደረግ ልምምድ የሕክምናው ክፍል መሆናቸውን ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ ስሜት የሌለውን እግር ለማፍታታት ተብሎ በትኩስ ድንጋይ ወይም በፈላ ውኃ መተኮስ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል። ወጌሻውና የአገር ሽማግሌው ይህን እንዲያውቁ ማድረግ እነርሱን ከመንቀፍ እጅግ የሚበልጥ ሥራ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በቤት የሚነገረው አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖ ወይም ኮሞ ነው። የአንጎል ምት ንግግሩን የወሰደበትን ሰው በማያዘወትረው ቋንቋ ጠይቀን ሳይመልስ ቢቀር፣ መስማት አቅቶት ነው፣ መናገር ተስኖት ነው ወይስ ቋንቋውን አጥቶት ነው? ይህን መለየት የሚቻለው አስተርጓሚው ቃላት ከማቀበል አልፎ ምን እንደምንፈልግ አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቦታው ተወላጆች ራሳቸው በሙያው እንዲሠለጥኑ ማድረግ ነው።

ቤተሰብ እስከ ምን ድረስ?

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ ቤተሰብ የሚያመራ ይመስላል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣው የአልማ አታ መግለጫ በኋላ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ኅብረተሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚለውን ሐሳብ ያስፋፉት በዚህ መንፈስ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ እውነት ደብቀን ማለፍ አይገባንም።

በህንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች የአንጎል ምት የመታቸው 1,250 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለአንደኛው ወገን ቤተሰብ ልምምዱ በሆስፒታል ተምሮ፣ ቤት ገብቶ በራሱ እንዲያሠራ ተደረገ፤ ሁለተኛው ወገን የተለመደውን አገልግሎት አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ የሚጠብቁት በሁለቱም ወገን 47 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነት አልነበረም።

ይህን ውጤት እንዴት እንተርጉመው? አንዳንዶች ቤተሰብን ማስተማር ከንቱ ድካም ነው ይሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ቤተሰብ የባለሙያን ሸክም ይጋራል እንጂ ቦታውን አይተካም። ቤተሰብ ማገላበጥ ይችላል፤ ማንሣት፣ ማጉረስ፣ ማጽናናት ይችላል። ልምምዱ መቼ መለወጥ እንዳለበት፣ የትከሻው ሕመም ክንድን ከመጎተት የመጣ መሆኑን፣ የእግሩ መግተርተር አዲስ የአልጋ ቁስል ወይም የሽንት መመረዝ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ግን የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን አንድ ጊዜ አይቶ የሚሄድ ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ኅብረተሰብ አቀፍ» የሚለው ቃል ባለሙያ ላለመመደብ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ስንሰማ፣ ዝም ማለት የለብንም። በጋምቤላ ያለች እናት ልጅዋን ስለምትወድ ብቻ ፊዚዮቴራፒስት ልትሆን አይጠበቅባትም።

ምን እናድርግ?

ባዶ እጃችንን አይደለንም። በጋምቤላ ከተማ የዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ያገኘ፣ ለነዋሪውም ለስደተኛውም የሚያገለግል የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኛ አሰማርቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ተቋማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዝ ክር ነው። በመሆኑም ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ወደ ጋምቤላ የሚመለስ የነርቭ ሕመምተኛ የሚይዘው ወረቀት በቦታው ላለው የተሐድሶ ባለሙያ በቀጥታ የተጻፈ ይሁን። የበሽታው ስም ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው ዛሬ ምን መሥራት እንደሚችል፣ የሚቀጥለው ግብ ምን እንደሆነና ምን እንደሚያሰጋው በግልጽ ቋንቋ ይጻፍበት። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊትም አንድ ስልክ ይደወል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ የሚታይበት ቀን ይያዝለት።

ሁለተኛ፣ ጉዞው ራሱ የእኛ ኃላፊነት ነው እንበል። ስሜት የሌለው ሰው ያለ ትራስ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ በአውሮፕላን ሲበር፣ ከማረፊያው ወደ ከተማና ከከተማ ወደ ቀበሌው በመኪና ሲንገላታ ቢውል በአንድ ቀን ለወራት የማይድን ቁስል ይዞ ቤቱ ይገባል። ከእርሱ ጋር የሚሄደው ዘመድ በየግማሽ ሰዓቱ ክብደቱን ከመቀመጫው እንዴት እንደሚያነሣለት፣ ወደ አውሮፕላኑ ደረጃ ሲወጣም የዛለ ክንዱን ሳይጎትት እንዴት እንደሚደግፈው እዚያው ሆስፒታል ይለማመድ።

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጥቂት ነገር፣ ግን በደንብ ይማሩ። ቆዳ ማየት፣ ማገላበጥ፣ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ፣ አደገኛ ምልክት ማወቅና ለባለሙያው መንገር፤ ይህ ይበቃል። ባለሙያውም በበኩሉ በክፍሉ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ በየጊዜው ወደ ወረዳው የሚወጣበት ቀንና ተሽከርካሪ ይኑረው። ይህ በበጀት ካልተያዘ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እነዚህ ነገሮች አዲስ ግኝት አይደሉም፤ አብዛኞቹም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሥራችን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ያለንን አስተሳሰብ መለወጥ ነው። ሕመምተኛን ማሰናበት ሥራ መጨረስ መስሎ እስከታየን ድረስ፣ በሆስፒታል የደከምንበት ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ በደረቀ ጉልበትና በአልጋ ቁስል ይበላል። ልምምዱ በባሮ ዳር፣ በዝቅተኛው በር ሥር፣ በጭቃው መካከል ሲቀጥል ግን ያ ድካም ፍሬ ያፈራል። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ስንገናኝ ከየሆስፒታላችን ወደ ጋምቤላ ከላክናቸው ሕመምተኞች ስንቶቹ በሳምንቱ እንደታዩ፣ ስንቶቹስ ከመሬት ተነሥተው እንደቆሙ ቆጥረን እንድንመጣ በአክብሮት አሳስባለሁ።